በቤተ ክርስቲያናችን መሬት ላይ ያሉ አሥራ አንድ እንጉዳዮች

ሰኞ

አሥራ አንድ ናቸው። ምነው ባላየኋቸው እያልኩ ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የገዛው ባዶ መሬት ላይ፣ ጥጉ ጋ። ሽንብራ የሚያህሉ፣ ነጣ ያሉ፣ ድቡልቡል እንጉዳዮች። አናታቸው ላይ ቀዳዳ አለ፤ የዝናብ ጠብታ ሲመታቸው ቡናማ አቧራ ቡን ይላል። አቧራው ዘራቸው ነው።

ጉልበቴ እስኪበሰብስ ተንበርክኬ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። የብርድ አገር፣ የሰሜን እንጉዳይ ነው። እዚህ ምን እንደሚሠራ እንጃ። መሬቱ ግን ከባሕር በተዛቀ አሸዋ የተደለደለ ነው፣ የዛጎል ስብርባሪ የሞላበት፣ እና የሚወደው እሱን ነው፤ ዛጎል ያለበት አሸዋ፣ ስስ አረንጓዴ የለበሰ አፈር። ረጅም ሣር ከመጣበት ታፍኖ ይጠፋል። ባጭሩ ማንም የማይፈልገውን መሬት ይፈልጋል። ይሄኛውን ግን እኛ ፈለግነው።

ማክሰኞ

ሳን ሆዜ፣ ቢሮ። ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። አንዳንድ የሰሜን አገሮች ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር መዝግበውታል። እዚህ የጥበቃ ደረጃ የለውም። ሞልቶ ተርፎ አይደለም፣ የቆጠረው ሰው ስለሌለ ነው።

ለግንባታ ፈቃዱ በምሠራው የመሬት ጥናት ሪፖርት ላይ ከጻፍኩ፦ ከተማው ሌላ ጥናት ይጠይቃል፣ ፐርሚቱ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ የማንን ልጅ አመንን ይላል።

ካልጻፍኩ፦ ማንም አያውቅም። ይሄኛው ይብስ ያስፈራኛል።

ማናጀሬ ሊንዳ ሪፖርቱ ዓርብ ይደርሳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዝናቡ አስቸግሮኛል፣ ሰኞ ይሁንልኝ አልኳት። ውሸቴን ነው። እሑድ የመሬቱ ቡራኬ አለ፤ እሱ ይለፍ ብዬ ነው።

ረቡዕ

ሰው እንዳይረግጣቸው ዙሪያቸውን ለምልክት የምንጠቀምበትን ትንንሽ የሽቦ ባንዲራ ተከልኩ። ከቦርሳዬ እጄ የገባውን ነው የተከልኩት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

የሕንፃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ታደሰ መጡ። የኛን ካምፓኒ ያስመረጡት እሳቸው ናቸው፣ "የራሳችን ልጅ አታጉላላንም" ብለው። "መቼ ነው የምትጨርሽልን ልጄ?" አሉኝ። "ሰኞ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ባንዲራዎቹን አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ። አማትበው ሄዱ። ምን ነካቸው? መጠየቅ ነበረብኝ። ፈራሁ፣ እሳቸውም መልሰው እንዳይጠይቁኝ።

ዓርብ

ዛሬ ለእማዬ ልነግራት ነበር።

"እማዬ፣ ግንባታው ትንሽ ቢዘገይስ?"

ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው አዳራሽ ስናስቀድስ፣ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ውጡ ስንባል፣ እሱ መዘግየት አይደለም?"

ሽንኩርቱን ተቀብዬ እኔ ከተፍኩ፣ ለማልቀስም ተመቸኝ። እሑድ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ባንዲራ ተክያለሁ።

እሑድ

ሪችመንድ ካሉ ሴትዮዎች ሦስቱን ላመጣ ሄጄ አረፈድኩ። ስደርስ ጸሎቱ አልቋል፣ ጸበሉ ተረጭቷል፣ ሕዝቡ ለበረከት አፈር እየወሰደ ነው። እንደሚወስዱ አውቅ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው መሃል ላይ ስለሆነ ከዚያ ይወስዳሉ ብዬ ነበር።

ሁሉም ጥጉ ጋ ናቸው። ከሳን ሆዜ የመጣ፣ ከዳብሊን የመጣ፣ ጎንበስ ብሎ ይዝቃል። ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ጓደኛዋን "ከዚህ ውሰጂ፣ መቅደሱ የሚያርፍበት ነው፣ ባንዲራውን አታዪም?" አለቻት።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በገዛ እጄ።

"ተዉት" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን ይዘው ወደ ሕዝቡ አዞሩኝ። "ቦታውን የለየችልን ይቺ ልጃችን ናት" አሉ። እልል አሉልኝ። የማላውቃቸው እናቶች ግንባሬን ሳሙኝ፣ ጣታቸው ላይ ያ ቡናማ አቧራ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያንን ፈገግታ እስክሞት አልረሳውም።

ሰው ሲበተን ሄጄ አየሁ። ባንዲራዎቹ ቆመዋል። መሃላቸው ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ነው።

ሰኞ

ሪፖርቱን ከፈትኩት። "የተገኘ ብርቅዬ ዝርያ" በሚለው ፊት ዜሮ ብጽፍ ዛሬ እውነት ነው። ፐርሚቱ ይወጣል፣ እማዬ በራሷ ቤተ ክርስቲያን ታስቀድሳለች። ዜሮውን ጻፍኩት። አየሁት። አስጠላኝ።

ሳሎን ወጥቼ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ የፈራሁት ስለ ሕንፃው ነበር።

"ሰኞ ነው ያየሽው?"

"አዎ።"

"ረቡዕ ባንዲራ ተከልሽ። ዓርብ እዚህ ቁጭ ብለሽ ሽንኩርት ከተፍሽ። አትንኩ ብትዪን እኮ እዚያ ማዶ እንቆም ነበር። ማን እምቢ ይልሽ ነበር?"

ተነስታ ከጸሎት መጽሐፏ ሥር የቋጠረችውን መሐረብ አመጣች። ፈታችው። አሸዋ፣ የዛጎል ስብርባሪ፣ አንድ የተጨፈለቀ፣ አንድ ደግሞ ሙሉ፣ ድቡልቡል።

ከዚያ ስልክ ይዛ ተቀመጠች። ሪችመንድ ደወለች፣ ዳብሊን ደወለች፤ "ያን አፈር እንዳትነኩት፣ እንዳታሸቱት፣ አቧራው ለሳንባ አይሆንም፣ መልሱት።" አንዷ ጓሮዋ ጽጌረዳ ሥር በትናዋለች። ሁለቱ በውሃ በጥብጠው ጠጥተውታል፤ ደህና ነን ይላሉ፣ አንደኛዋ ግን እየሳለች ነው የምታወራው። አራት ሰው እንመልሳለን ብሏል። መልሰን ብንደፋው ይበቅል እንደሆነ አላውቅም። ሥሩ የነበረው አፈር የለም።

ዜሮውን አጥፍቼ "አሥራ አንድ ነበሩ" ብዬ ጻፍኩ፣ እንዴት እንደጠፉና መሬቱ የማን እንደሆነ፣ እኔም የነሱ ልጅ መሆኔን ጨምሬ። ላክሁት። ሊንዳ ሁለቴ ኮል አድርጋለች፣ አላነሳሁም።

እማዬ ዝርዝሯ ላይ አንድ ስም ቀርቷታል። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። "ለጋሽ ታደሰ አንቺ ንገሪያቸው" አለች።

እየጠራ ነው።