እጅ ያላወጣችው ልጅ

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ነገ ሦስተኛ ክፍሎችን ይዤ ወላይታ ቆላ፣ ሁምቦ እወርዳለሁ፤ ተራራው ላይ መልሶ ያገገመውን ደን ልናይ ነው። ሙቀቱን ሳስበው ከወዲሁ ይጨንቀኛል።

ክፍል ውስጥ "የሚያመው ካለ እጁን ያውጣ" አልኩ። ማንም አላወጣም። አስም እንዳለባት እናቷ የነገረችኝ ምህረት እንኳ ዓይን ዓይኔን እያየች እጇን ዴስክ ስር ደበቀች። ለብቻዋ ጠራኋት።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ቲቸር፣ ካወጣሁማ ትታችሁኝ ትሄዳላችሁ።"

ለዳይሬክተሩ ልነግረው ቢሮ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት "ቲቸር፣ ደም ግፊትሽ እንዴት ነው? ዳገቱን ትችያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልላክ?" አለኝ።

"ኧረ ደህና ነኝ" አልኩት። ራሴ ዋሽቼ ምህረትን ማጋለጥ አቃተኝና ሳልነግረው ወጣሁ።

ነገ ዳገቱ ላይ ሁለታችንም ትንፋሽ ቢያጥረን ማን ማንን ይደግፋል?