ሰማያዊ ክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፌት ተቀብያለሁ። ቀኑን ሙሉ ሱሪ ስሰፋ ዋልኩ። እግሬ ስር ሦስት የድመት ልጆች... ልብስ ሰፊ ቤት ድመት ማሳደግ እብደት ነው።

ስም ያወጣላቸው አባዬ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ሌላ ምን ስም ያውቃል? አንዷ ፍሬን፣ ወንዱ ረዳት፣ በመጨረሻ የተወለደችው ትንሿ ደግሞ ትርፍ። ወንበር ከሞላ በኋላ ነዋ የተሳፈረችው፣ ይላል።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው። ጣቶቹን የምታሠራው ባለሙያ የምትጨበጥ ኳስ ሰጥታው ነበር። ዛሬ አልጋ ስር አገኘኋት። ሽማግሌ በኳስ አይጫወትም አለኝ። እሺ... ነጭ ሲባጎ ላይ የካፖርት ቁልፍ አስሬ ሰጠሁት። ላንተ ሳይሆን ለድመቶቹ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ቀኝ እጁ! ሲባጎውን ሳብ አደረገ፣ ትርፍ ዘለለች። ሁለት ጣቱ ሲታጠፍ በዓይኔ አየሁ። ከተናገርኩ የሚተወው መሰለኝ። ወደ ስፌት መኪናዬ ዞሬ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አክስቴ መጣች፣ የአባዬ ታላቅ እህት። ከትርፍ ጋር ሲጓተት አይታ በሳቅ ሞተች። «ነፍሷን ይማረውና ሚስትህን እንዲህ አጫውተህ ታውቃለህ?» አለችው። ሳቀ። ስንት ጊዜው ነው አባዬ ከሳቀ?

ወለሉ ክር በክር ሆኗል። ሙያውን ያስተማረችኝ ሴትዮ ሥራ ሳያልቅ ወለል አይጠረግም ትል ነበር። የጠፋ ቁልፍ፣ የወደቀ መርፌ ከጥራጊ ጋር ይወጣል። ሃያ ዓመት እንደዚያው ነኝ። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ወደ መሬት... አመሻሽ ላይ መጥረግ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ትርፍ አልበላችም። ሁለቴ አስመለሳት። ጎብጣ ጥግ ይዛለች። አባዬ ቢጠራት ቢጠራት አልመጣችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጠዋት በጫማ ካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ልወስዳት ስል አባዬ ሲባጎውን ዘረጋልኝ። ጫፉ ተበልቷል። ሰኞ ይዞት ሳለ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። «እኔ ነኝ» አለ።

ሐኪሙ አፏን ከፈተ። ምላሷ ሥር ክር ተጠምጥሟል፣ የቀረው አንጀቷ ውስጥ ገብቷል። አንጀቷ ክሩ ላይ ተሰብስቧል አለኝ። ወዲያው ገባኝ። ቀሚስ የምሸነሽነው እንደዚያው ነው፣ አንዱን ጫፍ አስሮ ክሩን መሳብ። ቀዶ ጥገና ሞከረላት። ሳትነቃ ቀረች።

ያወጣውን በሳህን አሳየኝ። ነጭ አይደለም፣ ሲባጎም አይደለም። ሰማያዊ ነው። የዩኒፎርሙ ክር። የኔ።

አባዬ በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ካርቶኑን አየና ክር ነው ወይ አለኝ። ክር ነው አልኩ። ቀለሙን አልነገርኩትም። ለምን? ድካም ነበር... ነገ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አልነገርኩትም።

ሲባጎውን ጥሎታል። ፍሬን ጉልበቱ ላይ ስትወጣ በግራ እጁ አወረዳት። «ሂጂ፣ እኔ አልበጅሽም» ሲላት ሰማሁ። የልጇን ሱሪ ልትወስድ ለመጣች ሴት እንኳ ድመት ገደልኩ ብሎ ነገራት። እኔ ሜትሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜአለሁ። አፍ የለኝም?

አሁን በቀን ሦስቴ እጠርጋለሁ። ምን ይጠቅማል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አክስቴ ልታስቀው ሞከረች። ሠላሳ ዓመት ዶሮ ሳትገጭ ነድተህ ለአንዲት ድመት እንዲህ ትሆናለህ አለችው። «ጡረታ ወጥቼ ገጨኋ» አለ። እኔ ኩሽና ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ፣ እንዳልሰማ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ባለሙያዋ መጣች። ጣቶቹ እንደገና ደርቀዋል። ባለፈው ጀምረው ነበር፣ ምን ነካቸው ብላ ወደኔ አየች። አላስቻለኝም። እሷን ሸኝቼ ፊቱ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ የገደላት ክር ሰማያዊ ነበር።»

አልገባውም። ከስፌት መኪናው ላይ የክሩን ጥቅል ነቅዬ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚህ ነው፣ ሐኪሙ ቤት ሳለሁ ነው ያወቅኩት አልኩት። ጥቅሉን በግራ እጁ አገላበጠው።

«ስድስት ቀን» አለ። «ስድስት ቀን አሸከምሽኝ።»

ይቅርታ አልኩት። ምሳ አቀረብኩለት፣ አልነካውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አያናግረኝም። እውነቱን ነው። ድመቷን ሳላውቅ ነው፣ እሱን ግን አውቄ ነው የበደልኩት።

ከሰዓት አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ለእትዬ ራስሽ ንገሪያት፣ እኔ ገደልኳት ስል ሰምታለች፣ እውነቱን ካንቺ ትስማ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ነገርኳት፣ እሱ ባለበት። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። አክስቴ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝና ልትጀምር ስትል አባዬ አቋረጣት። «በቃ እትዬ። ሰማሽ አይደል?»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

የስፌት መኪናዬን ወደ መኝታ ቤቴ ወስጃለሁ። በር ዘግቼ እሠራለሁ። ወደ እነሱ ስሄድ ልብሴን በብሩሽ አራግፋለሁ፣ ክር ልብስ ሰፊ ላይ አይጠፋምና። አባዬ እኔን ማናገር ጀምሯል፣ ግን ሲቸግረው ብቻ... ውሃ ስጪኝ፣ መስኮቱን ክፈቺ።

ዛሬ ምሳ ይዤለት ስገባ ረዳት እግሩ ሥር ተኝቷል። «ቆይ፣ እንዳትገቢ» አለኝ። ደነገጥኩ። ጎንበስ በይ አለ። እጅጌዬ ላይ አንዲት ክር ቀርታለች፣ እኔ አላየኋትም። ግራ እጁን የሚያነሳ መስሎኝ ነበር። ቀኙን አነሳ። አንዴ ሳታት፣ ሁለቴ ሳታት። ልረዳው ስል ተይኝ አለ። በሦስተኛው በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያዛት።

ግራ መዳፉ ላይ አስቀመጣትና ጨበጣት።

«አሁን ግቢ፣ ልጄ።»