አቶ ኪሩ ላቀው እና የደሴቷ ዘንባባ

አቶ ኪሩ ላቀው ማክሰኞ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ ጎንደር አጠገብ ፀዳ በሚገኘው ቤታቸው ሲያርፉ ባለቤታቸው ወ/ሮ ዝናሽ ቢያዝን፣ ልጆቻቸው ሙሉሰውና ልዕልት፣ የነፍስ አባታቸውም ቄስ መዝሙር አጠገባቸው ነበሩ።

የተወለዱት በ1947 ዓ.ም. ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ላቀው እንግዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቄ አድማሱ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1968 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ሥራ አልተለዩም። በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዝናሽ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ።

በ1996 ዓ.ም. ከማዳጋስካር ደሴት የመጣ አንድ ተመራማሪ፣ በአገሩ ደጋ እሳት እየፈጃት ልትጠፋ የተቃረበች ዘንባባ ፍሬ ሰጣቸው። ሁለት በቀሉላቸውና በግቢያቸው ተከሏቸው። ዘንባባዎቹ ዕድገታቸው አዝጋሚ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ አያ ኪሩ ምነው ጌሾ ቢተክሉ እያለ ይቀልድባቸው ነበር። የእርሳቸው ምኞት ግን ፍሬዋን አይቶ ዘሯን ማብዛት ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የሆሳዕና ዋዜማ ወ/ሮ ዝናሽ ለቀለበትና ለመስቀል መሥሪያ ብለው የአንደኛዋን ገና ያልተፈታ ለጋ ቅጠል ከመሐሏ ቆርጠው ወሰዱ። ዘንባባ የምታድግበት እምብርት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ከተቆረጠ አታገግምም። ክረምት ሳይገባ ደረቀች። አቶ ኪሩ አልተቆጡም።

«ለጌታ የሄደ ነው፤ ምን አጠፋሽ። ሁለተኛዋን ግን አደራ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለሆሳዕና ከቆላ ዘንባባ እያስመጡ ለሰፈሩ ያድሉ ነበር። በግቢያቸው ያለችውን የሚመኝ እንዳይኖር ነው።

ባለፈው ጥር በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። ዘንድሮ ከቆላ የሚያስመጣ አልነበረም። በሆሳዕና ዋዜማ ጎረቤቶች እንደ ልማዳቸው ደጃፍ ሲቆሙ አቶ ኪሩ ድምፃቸውን ሰምተው ባለቤታቸውን፣ ሰው ባዶ እጁን ከሚሄድ ከግቢያችን ዘንባባ ቁረጪላቸው አሏቸው።

ወ/ሮ ዝናሽ «እርስዎ አደራ ያሉኝን አልቆርጥም» ብለው ደጁን ዘግተው ቆሙ። ጎረቤቶችም ነገሩ ሲነገራቸው ወደ ገበያ ወረዱ። በማግስቱ እነዚያው ጎረቤቶች አቶ ኪሩን በወንበር ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው፤ ከገዙት ዘንባባም ቀለበት ሠርተው ጣታቸው ላይ አሰሩላቸው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በሳምንቱ ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና የሚጸለየውን ፍትሐት በጆሯቸው ሰምተው ተመለሱ። ያረፉት በሦስተኛው ቀን ነው።

አቶ ኪሩ የሁለት ልጆች አባትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር የተከሉት ሁሉ በማይደርቅበት ቦታ ነፍሳቸውን ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን።

ዘንባባዋ ገና ፍሬ አልሰጠችም። ዛሬ ጧት ወ/ሮ ዝናሽ ወደ ቀብሩ ከመምጣታቸው በፊት ውኃ አጠጥተዋታል።