ባዶው ጫማና ባሕሩ

ሐሙስ፣ ሰኔ 11 ቀን 2001

ባሕር ልትከተኝ ነው። የልጅ ልጄ ብሌን፣ ዴንተን ከተማ የአካል ሕክምና የምትማረው፣ ገና ከበሩ ሳትገባ "አባባ፣ ሳይን አፕ አድርጌሃለሁ" አለችኝ፤ አስመዝግባኛለች። እሑድ ጋልቨስተን ባሕር ዳር እግር የሌለውንም፣ ዊልቸር ላይ ያለውንም ሰሌዳ ላይ አስተኝተው ማዕበል ያስጋልቡታል። ሰርፊንግ ይሉታል። እሷም ከሚያግዙት አንዷ ናት።

"ሻርክ ቢመጣስ?"

"አይመጣም፣ አባባ።"

"ቢመጣም ይሄንንማ አንዱ ጀምሮታል ብሎ ያልፈኛል" አልኳት። ሳቀች። እዚህ ቤት እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ ስሙ ተነስቶ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው።

የወሰደው ስኳር ነው። ግራውን፣ ከጉልበት በታች። ልጄ ግርማ፣ የብሌን አባት፣ ግን ለሰው ሁሉ "ጉልበቱን ትንሽ አሞት ነው" ይላል። እንግዳ ሲመጣ ጋቢ ጣል ያደርግብኛል። በቴክሳስ ሰኔ፣ ጋቢ።

ዓርብ

ግርማ ከሚሠራበት መጋዘን ሲገባ ነገርነው። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

"አባዬ፣ ይተዉት። ነገ ለብሌን ሽማግሌ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ሰዎቹ ስለ እግርዎ አልሰሙም። ከሰሙ ዘራቸው በሽታ አለበት ይላሉ። ባሕር ዳር ደግሞ ፎቶ አለ፤ በማግስቱ ዳላስ ሙሉ ያየዋል።"

"እግሩ ኦቨርታይም ገብቷል በላቸው።"

አልሳቀም። ባሕሩ ከሰርጉ በኋላ ይደርሳል አለ። ከሰርጉ በኋላ ልጅ ይወለዳል፣ ከዚያ ልደት አለ፣ ከዚያ ምርቃት አለ። ጋቢውን የምጥለው ስገነዝ ነው ማለት ነው።

ብሌን የሚያገባት ልጅ የእግሬን ነገር ድሮውንም ያውቃል ትላለች። ግን የሚናገሩለት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ስለዚህ ጋቢውንም፣ ባሕሩን መተውንም እሺ አልኩ። ለእሷ ስል።

ቅዳሜ

ጠዋት ግርማ ዊልቸሬን ጋራዥ ወስዶ ከሣር ማጨጃው ጀርባ አቆመው። እኔን ሶፋው ላይ ተከለኝ፣ ጋቢውን እስከ ምንጣፉ ለቀቀው። ከዚያ ሁለቱንም ጫማዎቼን አምጥቶ ጫፋቸው ብቻ እንዲታይ ከጋቢው ሥር ደረደራቸው። አንዱ እግር አለበት፣ አንዱ የለበትም። "ካልሲውንስ?" አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሦስት ናቸው፣ ሱፍ የለበሱ። እንደ ወጉ "ቁጭ በሉ" ቢባሉም "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ግርማም ቆመ፣ ብሌንም ቆመች። እኔ የቤቱ ትልቅ ሰው ተቀምጬ ቀረሁ።

ይህን ያሰበ አልነበረም። ግርማ ጫማውን ሲያሰናዳ፣ ለሽማግሌ የሚነሳው ማን እንደሆነ ረስቶታል።

ትልቁ ሽማግሌ እስክነሳ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። "እኛ በክብር ቆመናል፣ ጋሼ። ቤቱ ግን ካልፈለገን ቢነግሩን ይሻል ነበር" አለና ወደ በሩ ዞረ። ብሌን አየችኝ። የልጅቷ ነገር እኔ ተቀምጬ ሊበላሽ ነው።

"ልነሳ ነበር፣ ወንድሜ" አልኩት። "ግማሹ አካሌ አልተስማማም።"

ጋቢውን ገለጥኩ። ባዶው ጫማ ብቻውን ቁጭ ብሏል፣ ተወልውሎ።

ከሦስቱ አንድ እንኳ "እግዜር ይማርዎ" ያለኝ የለም። ትልቁ እኔን ትቶ ግርማን ጠየቀው፤ "ስኳር ነው? በዘር የሚሄደው?"

ግርማ ምንጣፉን እያየ "አዎ" አለ።

"እንመካከርና እንደውላለን።"

ሻዩ ሳይነካ በረደ። ሲወጡ ግርማ በሩን ዘጋ። ከዚያ ጋራዥ ገብቶ ዊልቸሬን እየገፋ መጣ። አልቀለድኩበትም።

እሑድ

ገና ሳይነጋ ግርማ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀን አገኘነው። ቤተ ክርስቲያን ቀረ። መንገዱን ሙሉ ብሌን ስልኳን ታያለች፣ ትከድናለች፣ ታያለች።

ባሕሩ ቡና ዓይነት ቡኒ ነው፣ የተበጠበጠ። ፊኛ የመሰሉ ጎማዎች ባሉት ወንበር አሸዋውን አሻገሩኝ። ከአጠገቤ ሁለት እግሩን ኢራቅ የተወ ወታደር ተራ ይጠብቃል። አየኝና በአንድ ጣቱ እግሬን፣ በሁለት ጣቱ የራሱን አሳየኝ፤ በለጥኩህ ማለቱ ነው። ወደድኩት።

ሰሌዳው ላይ በሆዴ አስተኙኝ። መያዣ ገመድ አለው። ብሌን በአንድ ወገን፣ አንድ ግዙፍ ፈረንጅ በሌላው፣ ውሃው እስከ ደረታቸው። "አባባ፣ አሁን፣ ያዝ" አለችና ለቀቀችኝ።

ማዕበሉ ከኋላ አንስቶ ወረወረኝ። ጨው ጠጣሁ። ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይገፋኝ፣ ማንም ሳይሸፍነኝ ሄድኩ። ሁለተኛ አልኩ። ሦስተኛም አልኩ።

ሽማግሌዎቹ አልደወሉም። ብሌን ስልኳን መኪና ውስጥ ትታው ነበር፤ አሁን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ እያየችው ነው።

የመጨረሻው ማዕበል ዳር ሲጥለኝ ግርማ ጫማውን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ብርዱ እንዳይነካኝ ይሁን፣ ሰው እንዳያየኝ፣ አልጠየቅኩትም።