ሁለት ስም ያላት በሽተኛ

እሑድ፣ ጠዋት
ሃነቪኢም ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ወረድሁ። ቢሮ። ሻይ። ደብተሬ፣ ሥራዬን ለእናቴ እንደማስረዳት ላስረዳሽ። የአንድ ሕክምና ማዕከል ዳታቤዝ ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ይቀርብለታል። እኛ የሠራነው ቅጥያ፣ ዳታቤዙ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ጥያቄዎቹን ይቆጥራል። ሲቆጥር የበሽተኛውን ስም ያወጣና በቦታው የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። የእገሌን ቀጠሮ አምጣ፣ የእገሊትን ቀጠሮ አምጣ፣ ለሱ አንድ ናቸው። ማን እንደታመመ አያገባውም። እኔንም አያገባኝም።

ዛሬ ቆጠራው የሚታይበትን ገጽ ስከፍት አንድ ስም ሳይሸፈን ቁጭ ብሏል። ትርንጎ ፈረደ። የልብ ክፍል።

አክስቴ ናት። የእናቴ ታናሽ እህት።

እሑድ፣ ከሰዓት
ምሳ አልበላሁም። ከቢሮው አጠገብ ባለው ኢትዮጵያ ጎዳና የቤተ ክርስቲያን ግንብ ይዤ ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ። ሌላ ትርንጎ ፈረደ ትኖር ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርሁ። የጾምና የጸሎት በዓላችን ሲግድ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አክስቴ በየዓመቱ ጾማ አርሞን ሃናጺቭ ዳገት ላይ ለጸሎት ትወጣለች። ልቧን እንዳመማት ቤተሰቡ ቢሰማ አያስጾማትም። ለዚህ ነው የደበቀችው። እንዳወቅሁ ብነግራት ከየት ሰማሽ ትላለች። ዝም ብል፣ ዳገቱ ላይ ብትወድቅስ? ፈርቻለሁ።

ሰኞ፣ ረፋድ
ስሕተቱ ተገኘ። ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ወር በጥድፊያ የጻፍሁት ኮድ፣ ብዙ ስም ተደርድሮ ሲመጣ የመጀመሪያውን ይሸፍንና ቀሪውን ይዘለዋል። ከኢትዮጵያ እዚህ አገር ስንገባ ለብዙዎቻችን የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶናል፤ የማዕከሉ ጸሐፊም አክስቴን በሁለቱም ስሟ ትፈልጋታለች። ኢላና ተሸፈነች፣ ትርንጎ ተጋለጠች። ኮዱን የሞከርሁባቸውን የፈጠራ በሽተኞች አየሁ። እያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ስም ብቻ። ቤት ብርቱካን፣ ቢሮ ያኤል የምባለው እኔ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ለቀማ ላይ ነኝ።

ማክሰኞ
ለአለቃዬ ለኖአ ነገርኋት። ዘመዴ መሆኗንም ጭምር። እሷም ማዕከሉ ዛሬውኑ ማወቅ አለበት ብላ ደወለች። ገጹን የምናየው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ የተጠራቀመው ተጠረገ። ማስተካከያው ስምንት መስመር። ሁለት ስም፣ ሦስት ስም፣ አምስት ስም ያላቸው በሽተኞች ፈጥሬ ሞከርሁ። ሁሉም ተሸፈኑ። እፎይ። ግን ያየሁትን ከገጹ ጠረግሁ፤ ከኔ ማን ይጥረገው?

ሐሙስ
አክስቴ ደወለች። እሑድ ሐኪም ዘንድ ቶር፣ ቀጠሮ፣ አላት፤ የሐኪሙ ዕብራይስጥ ስለፈጠነባት አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ለእናቴ እንዳልነግር አስማለችኝ። እሺ አልሁ። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ቶሎ ዘጋሁ።

እሑድ፣ ከቀትር በኋላ
ማዕከሉ ስንደርስ ጸሐፊዋ ስም ጠየቀች። ኢላና ፈረደ አልኋት። በዚህ ስም ሦስት አሉ፣ ሌላ ስም የላትም ወይ አለች። በትርንጎም መመዝገቧን የማውቀው ከገጹ ነውና፣ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ትርንጎ በያት» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። አሁን የማውቀው ራሷ ስለነገረችኝ ነው።

ሐኪሙ ሸጋ ሰው። የልቧ ምት ይዛባል እንጂ ክፉ ነገር የለባትም። ኪኒን ጠዋትና ማታ። ዳገቱን ቀስ ብላ ትውጣ፤ ጾሙ ግን ዘንድሮ ይቅር። አክስቴ አንገቷን ደፋች።

ስንመለስ በኢትዮጵያ ጎዳና ወሰድኋት፤ ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ ገጹን፣ ስሟን፣ ጥፋቴን። ተኮሳተረች። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ብቻሽን ይዘሽው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ክንዴን ያዘች። ጥቂት ሄድን።

«ሕዝቡ ሁሉ ጾሞ እኔ ብቻዬን ውሃ ልጠጣ?» አለች።

ቤቷ አድርሻት ተመለስሁ። ደብተሬ፣ ቆርጫለሁ። በሲግድ ዕለት አብሬያት እወጣለሁ። አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ሁለት ኩባያ። መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነኝ።