ሽማግሌዎቹና ሲባጎው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ልጄ ሽማግሌ ላከችብኝ። በገዛ አባቷ! ሞተሬን እንድሸጥ።
ግቢዬን እየጠረግሁ ነበር። ጎረቤቶቼ ነጋሳና ሰብስቤ በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርበው ገቡ። ሰርግ ሊጠሩኝ መስሎኝ ነበር።
"ኦቦ ዘካርያስ፣ ልጅዎ ፋና እንቅልፍ አጥታለች" አለ ነጋሳ። "ባለፈው ደራ መንገድ ላይ ወደቁ። እጅዎ ደክሟል።"
እጄ? ጋራዥ የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ካቴና ካጠበቁልኝ ወዲህ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ሞተሩ ወደ ግራ ይስበኛል። ማን ይሰማል... ቁልፉንም ደብቃለች። ደራ ያለውን ማሳዬን በማን እግር ልየው?
ቅዳሜ ተመለሱ አልኋቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ጋራዥ አልመልሰውም። ጎማው ቀጥ ማለቱን በሲባጎ ልለካ ሞከርሁ። አንዱን ጫፍ ስስብ ሌላው ይላላል። ሁለት ሰው ይፈልጋል... ሽማግሌዎቹ አሉ አይደል?

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ፋና ምሳ አመጣች። "አባዬ፣ እርስዎን አስፋልት ላይ ልልቀም?" አለች። ምሳውን አልነካሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
መጡ። ሳይቀመጡ ሲባጎውን በኋላው ጎማ ዙሪያ አዙሬ ሁለቱን ጫፎች በፊት ጎማ በኩል አስያዝኋቸው፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ጋቢያቸውን ሰብስበው አፈር ላይ ተንበረከኩ።
"ለሽምግልና መጣን ወይስ ለምርኮ?" አለ ሰብስቤ።
"ሳብ!" አልሁት።
የፊት ጎማ ከኋላው ይቀጥናል። በሁለቱም ጎን እኩል ክፍተት ሊኖር ይገባል። በቀኝ ሁለት ጣቴ ገባ። በግራ ሲባጎው ጎማውን ነካ። የኋላው ጎማ ጠሟል! ካቴናውን ሲያጠብቁ ነው ያጣመሙት።
ነጋሳ ግን አልተበገረም። "ሲወድቁ የጠመመ ቢሆንስ?"
ክፉ ጥያቄ። ጎንበስ ብዬ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ አየሁ። አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቷል።
"ንካው። አንድ ቀን መውደቅ ብረት እንዲህ ይበላል?"
ዳሰሰው። ከዚያ ፋና ወደቆመችበት በር ዞሮ፣ "ፋና፣ ነይ አንቺም ንኪ! ይሄ የወራት ሥራ ነው" አለ። ጣቷ በግራሶ ጠቆረ።
ማሰሪያ ዳዶውን አላልቼ ጎማውን አቃናሁ። ሲባጎው እንደገና ተሳበ። ግራና ቀኙ እኩል ሆነ።
ሰብስቤ ሲነሣ ጉልበቱን ያዘ። "የደከመስ የኔ ጉልበት ነው" አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ፋና ቁልፉን ሰጠችኝ፤ "ከኋላ እኔም እቀመጣለሁ" አለች። ትቀመጥ! እስከ ደራ ሄድን። መሪው ቀጥ አለ። መጀመሪያ ወገቤን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ደራ ሳንደርስ ለቀቀችኝ።
ማሳው ላይ ስንወርድ፣ "አባዬ፣ ያ ሽማግሌ የላክሁብዎት..." ብላ ጀመረች።
"ሽንኩርቱ ውኃ ጠምቶታል፤ ቦዩን ክፈቺ" አልኋት።
ያን ነገር እሷ ብታነሣ አልሰማም። እኔም ከእንግዲህ በአፌ አላወራውም፣ እዚህም አልጽፈውም።