የሹምባሽ ወልዱ ጡረታ

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ፒያሳ ቪቶሪዮ፤ ገበያው ቀዝቃዛ። ኮረሪማው ሄደ፣ በርበሬው ሳይነካ ተመለሰ። ቤት ስገባ ሽማግሌው ወንበሬ ላይ። የሟች ባሌ አጎት፣ ሹምባሽ ወልዱ። ደርግ አዲስ አበባ ያለውን ቤቱን ከወረሰበት ወዲህ እዚህ ጣሊያን መጥቶ እሱ ደግሞ የእኔን ጓዳ ወርሷል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለአንተ ለደብተሬ ግን እሱ ነው።

በወጣትነቱ የጣሊያን አስካሪ ወታደር ነበር፤ ሹምባሽነቱም የዚያ ጊዜ ማዕረግ ነው። ለእነዚያ ከጣሊያን መንግሥት ጡረታ እንዳለ ቅ/እስጢፋኖስ ቅዳሴ ላይ ሰምቶ መጣ። አስተርጓሚ እኔ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ጡረታ ካገኘ ክፍል ይከራያል፣ ጓዳዬ ለዕቃዬ ይሆናል።

አንድ ችግር። በየእራቱ የሚያወራው ጣሊያንን ከድቶ፣ ጠመንጃውን ይዞ አርበኞች ጋር መግባቱን ነው። የከዳ ጡረታ የለውም። ጡረታ ቢሮው ውስጥ ይህን እንዳያነሱ አልኩት። ልጅ መሰልኩሽ ወይ አለኝ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ደሜ ፈልቷል። መ/ቤት ሲኬድ በክብር ነው ብሎ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ካፖርት ደረበ። ኡፊቾው፣ ማለት ቢሮው፣ ይሞቃል። ካፖርቱን ሲያወልቅ ደረቱ ላይ የአርበኝነት ሜዳሊያው። ጣሊያንን ስለ ወጋ የተሸለመውን ለጣሊያን ጸሐፊ ይዞላት መጣ። ይህ ምንድን ነው አለች። እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "ንገሪያት እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?"

የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማኅበር ላገለገለ ይሰጣል አልኳት። አመነች። ማክሰኞ ተመልሶ፣ እስከ መጨረሻው በታማኝነት አገልግያለሁ ብሎ ይፈርም አለች።

ጣሊያንኛው ከሰልፍ ትእዛዝ ብዙም አያልፍም፤ ቤተ ክርስቲያን ለማለት "ኪዬዛ" ያልኳትን ግን ሰምቷል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እያየን፣ "ጀግንነቴን የሰንበቴ ዳቦ አደረግሽው።" እኔም፣ "እንግዲያው ጀግንነትዎ ኪራይ ይክፈልልዎ።"

ጥቅምት 14፣ እሑድ

አልፈርምም ብሏል። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ዘንድ ከሰሰኝ፤ ገበያ ስለምትውል ሰውም ዕቃ ይመስላታል ብሎ። ቄሱ ታረቁ አሉ።

ቤት ስንገባ ቁርጡን ነገርኩት። ጓዳውን ሰው ቤት ለምትሠራ አንዲት ልጅ ልሰጥ ነው፣ ወሩ ሲያልቅ። ማስፈራሪያ አይደለም፣ ከልጅቷ ጋር ተነጋግረናል። እራት እምቢ አለ። ይተወው፤ ሽሮዬ አይበላሽም።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ

ከገበያ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "እፈርማለሁ" አለ፣ ጫማዬን እያየ።

ያሰብኩት ሆነልኝ። ደስ ግን አላለኝም፤ ይበልጥ ጠላሁት። ሁለት ቀን እንኳ አልጸናም። ቢጸናስ ኖሮ አስወጣው ነበር? እንጃ።

አሎራ፣ እንግዲህ ወስኛለሁ። ነገ እወስደዋለሁ፣ ይፈርማል። ከዚያ ወዲያ በእኔ ገበታ ላይ ስለ አርበኝነቱ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሸጦታል፤ የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ አይደረደርም። ዋጋው ሳይነገር የተገዛ ደግሞ ኋላ ያጣላል። ስለዚህ ቁርስ ላይ፣ ከመፈረሙ በፊት እነግረዋለሁ።